የቤተሰብ ጉዞ የት ላይ ይበጠሳል? ከኮምቦልቻ ተነስቶ ባሕር ማዶ የሚሄድ መንገደኛና የበረራ መዘግየት

ደሴም ኮምቦልቻም ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። አንዷ ጅዳ ናት፣ አንዷ ቤሩት፣ ሌላው ዋሽንግተን። ልጆቿን ይዛ ባሏ ጋ የምትሄድ እናት አለች። ዑምራ የሚሄዱ አባትና እናት አሉ። ለበዓል መጥቶ የሚመለስም አለ። ስለዚህ "በረራው ዘገየ" የሚለው ወሬ ከአየር ማረፊያው ወጥቶ ቡና ላይ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ቡናው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይደበላለቃል። "ወንበር ስላልሞላላቸው ነው ያቆዩት" ይላል አንዱ። "3 ሰዓት ከዘገየ 600 ዩሮ ካሳ አለ፤ ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ" ይላል ሌላው። "አየር መንገድን ማን ይከሳል? ዝም ብሎ መጠበቅ ነው" የሚልም አይጠፋም። ሦስቱም ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። እንዳሉ ከተወሰዱ ግን ሰው ያሳስታሉ።

መዘግየቱ የሚመጣው በበረራው ቀን ነው። ጉዳቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ቲኬቱ በተቆረጠበት ቀን ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት፣ መጀመሪያ መዘግየት ራሱ ከየት እንደሚመጣ እንይ።

## የተወረሰ መዘግየት

አውሮፕላን በቀን አንድ በረራ ሠርቶ አያርፍም። በተለይ የአገር ውስጥ መስመር ላይ የሚሠሩት፣ ብዙ ሰው "ቦምባርዲየር" የሚላቸው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 አውሮፕላኖች ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ። ከቦሌ ተነስቶ አንድ ከተማ ይደርሳል። አውርዶ፣ ጭኖ ይመለሳል። ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላ ከተማ ይነሳል። ጠዋት ጭጋግ 40 ደቂቃ ካቆየው፣ ያ 40 ደቂቃ እስከ ማታ ይከተለዋል። አንዳንዴም እየጨመረ ይሄዳል።

ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ መንገደኛው "ታዲያ ምን ሆኖ ነው?" ቢል አይፈረድበትም። ምክንያቱን እዚያ ቆሞ ማየት አይችልም። ምክንያቱ ጠዋት ሌላ ከተማ ላይ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች ይህን "ሪአክሽነሪ ዲሌይ" ይሉታል። ከቀደመው በረራ የተወረሰ መዘግየት ማለት ነው። የአውሮፓን የአየር ትራፊክ የሚያስተባብረው ዩሮኮንትሮል በሚያወጣቸው ሪፖርቶች፣ በዚያ አህጉር ከሚመዘገበው የመዘግየት ጊዜ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የተወረሰ ነው። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። የዕለቱ የመጀመሪያ በረራ የሚወርሰው መዘግየት አነስተኛ ነው። ምርጫ ላለው መንገደኛ የጠዋቱ በረራ ይሻላል።

"ወንበር ስላልሞላ" የሚለውስ? ሁለት በረራዎችን አጣጥፎ አንድ ማድረግ በዓለም ላይ የሚታይ አሠራር ነው። እሱ ግን የበረራ ስረዛ ነው፤ መንገደኛውም እንደ ስረዛ ሊያየው ይገባል። አውሮፕላንን ወንበር እስኪሞላ ማቆም ግን ለአየር መንገዱ ራሱ ኪሳራ ነው። አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ ይጠበቃል፣ የሠራተኛው ሰዓት ይቆጥራል። ሚኒባስ እስኪሞላ ይቆማል። አውሮፕላን በዚያ ሒሳብ አይሠራም።

## ተራራው፣ ከፍታውና የተዘጋ ሰማይ

ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ጉም ተኝቶ፣ ታች ቦርከና ወንዝ ዳር ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቀን ደግሞ በተገላቢጦሽ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ዙሪያው ተራራ ነው። አብራሪው ለማረፍ የደመናው ከፍታና የሚታየው ርቀት ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይሆን ይፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ወይ ቦሌ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፣ ወይ መጥቶ ሳያርፍ ይመለሳል። ክረምት ላይ ይህ ይበዛል።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ሙቀት ሲጨመር ይብሳል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ በረራዎች ለረጅም ዓመታት መሃል ላይ አርፈው ነዳጅ ሲቀዱ የኖሩት፣ ሲመለሱ ግን በቀጥታ የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ለመንገደኛው ይህ ማለት መዘግየት ሊፈጠርበት የሚችል አንድ ተጨማሪ ቦታ አለ ማለት ነው።

ከዚያ ደግሞ ሰማዩ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ሱዳን በኤፕሪል 2023 ጦርነት ውስጥ ስትገባ የአየር ክልሏ ለንግድ በረራ ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄዱ አውሮፕላኖች መዞር ነበረባቸው። ዙሪያ ጥምጥም ሲኬድ ነዳጁም ሰዓቱም ይጨምራል። በጁን 2025 እስራኤልና ኢራን ሲዋጉ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰማይ ተመሰቃቀለ። ኳታርን ጨምሮ አንዳንድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሰዓታት ዘግተው ነበር። ሰዓታት ትንሽ ይመስላሉ። ነገር ግን ዶሃንና ዱባይን የመሰለ መናኸሪያ ለጥቂት ሰዓት ከቆመ የተበታተነውን መንገደኛ ለመሰብሰብ ቀናት ይፈጃል።

አንዱ ምሳሌ ደግሞ የመጣው ከጎረቤታችን ነው። ኖቬምበር 23 ቀን 2025 አፋር ውስጥ ሀይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ በቀይ ባሕር ላይ አልፎ የመንንና ኦማንን ተሻግሮ ሰሜን ሕንድ ደረሰ። እዚያ በረራዎች ተሰረዙ። የእሳተ ገሞራ አመድ ጄት ሞተር ውስጥ ሲገባ ይቀልጣል፤ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ሲደርስ መልሶ እንደ መስታወት ይጋገራል። ሞተር ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሚደራደርበት ሰው የለም። ዴልሂ ላይ የተቀመጠ መንገደኛ የአፋር ተራራ ጉዞውን ያቆምብኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። እኛም ሌላ አገር የሚፈጠረው ነገር የኮምቦልቻን በረራ እንደሚነካ አናስብም።

የዕቃና የሶፍትዌር ችግሮችም አሉ። በኖቬምበር 2025 መጨረሻ ኤርባስ ወደ 6,000 የሚጠጉ የኤ320 ቤተሰብ አውሮፕላኖች የሶፍትዌር ማስተካከያ እንዲደረግላቸው ጠይቆ፣ በብዙ አገር በረራ ተስተጓጉሏል። በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው ድርጅት የለቀቀው የተበላሸ ማሻሻያ የአየር መንገዶችን ኮምፒውተር አቁሞ ነበር። እነዚህ በየቀኑ አይደርሱም። ሲደርሱ ግን የቆይታው ርዝመት በሰዓት ሳይሆን በቀን ይቆጠራል።

## "ትንሽ ጠብቁ" ለምን አያልቅም?

መንገደኛን ከመዘግየቱ በላይ የሚያናድደው ይህ ነው። መጀመሪያ 1 ሰዓት ይባላል። ከዚያ ሌላ 1 ሰዓት። ከዚያ "እናሳውቃለን"። ልጆቹ ወለል ላይ ይተኛሉ። ሸኚ ተመልሶ ሄዷል። ጅዳ ያለው ተቀባይ ደግሞ ስልክ ይደውላል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የቴክኒክ ብልሽት ሲሆን መካኒኩ ፈትቶ እስኪያይ ድረስ ምን እንደተበላሸ በእርግጠኝነት አያውቅም። አየሁት ያለው ነገር መለዋወጫ ሊፈልግ ይችላል። መለዋወጫው ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው "ስሎት" ነው። ስሎት ማለት አንድ አውሮፕላን ለመነሳት ወይም ለማረፍ የተሰጠው የሰዓት መስኮት ነው። ካመለጠ ሌላ መጠበቅ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አብራሪዎችና የበረራ አስተናጋጆች በሕግ የተወሰነ የሥራ ሰዓት ጣሪያ አላቸው። የደከመ አብራሪ አደጋ ስለሆነ ነው። ጥገናው አልቆ፣ ሻንጣው ተጭኖ፣ የሠራተኛው ሰዓት ካለቀ በረራው አይነሳም። አዲስ ሠራተኛ ይጠራል፣ ካልተገኘ ደግሞ ያድራል።

አየር መንገዶች "የማናውቀውን ሰዓት መናገር አንችልም" ይላሉ። መንገደኞች "ያውቃሉ፣ ይደብቁናል" ይላሉ። እኔ የመንገደኛው ቅሬታ ይበልጥ ሚዛን ይደፋል ባይ ነኝ። ሰዓቱ ባይታወቅም ምክንያቱ ይታወቃል። "ብልሽቱን እየፈለግን ነው፣ በዚህ ሰዓት ተመልሰን እንነግራችኋለን" ማለት ገንዘብ አይፈጅም። ሕፃን የያዘች እናት ወተት ላዘጋጅ ወይስ ላስተኛ ብላ ለመወሰን የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።

## ቦሌ የሚጠብቅህ መቼ ነው?

ቦሌ በአቪዬሽን ቋንቋ "ሀብ" ነው። መናኸሪያ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ መናኸሪያ ውስጥ አውሮፕላኖች የሚገቡትና የሚወጡት በማዕበል ነው። በአንድ ሰሞን ብዙዎች ይደርሳሉ፤ መንገደኛ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ተከታትለው ይነሳሉ። ወደ አውሮፓ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ብዙዎቹ የሚነሱት ሌሊት ነው። የኮምቦልቻ መንገደኛ ከሰዓት ቦሌ ደርሶ ሌሊቱን የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

አሁን የኮምቦልቻው በረራ 3 ሰዓት ዘገየ እንበል። የጅዳው አውሮፕላን ቦሌ ላይ ቆሟል። ከኮምቦልቻ የሚመጡ 9 ሰዎች ይጠበቃሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ተቀምጧል። ከነሱም ውስጥ ጅዳ ላይ ሌላ በረራ የሚጠብቃቸው አሉ። ለ9ኙ ይቁም ወይስ ይሂድ? ይህን የሚወስነው የበረራ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ነው። ሒሳቡ ጨካኝ ቢመስልም ሒሳብ ነው። የሚቀጥለው በረራ መቼ ነው? ስሎቱ ያመልጣል ወይ? ሠራተኛው ሰዓት አለው ወይ? በቀን ብዙ ጊዜ የሚበረርበት መስመር ከሆነ አይጠበቅም። በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ ሊጠበቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሥርዓቱ እነዚያን 9 ሰዎች ማወቅ አለበት። "ከኮምቦልቻ እየመጡ ነው" የሚለው መረጃ ኮምፒውተሩ ላይ ካልታየ ለነሱ የሚታሰብ ነገር የለም።

## አንድ ቲኬት ወይስ ሁለት?

ቲኬት ሲቆረጥ በስድስት ፊደልና ቁጥር የተሠራ መለያ ይሰጣል። የጉዞ ወኪሎች "ፒ.ኤን.አር" ይሉታል። ከኮምቦልቻ እስከ ጅዳ ወይም እስከ ዋሽንግተን ያለው መንገድ በአንድ ቲኬት ከተቆረጠ፣ ለአየር መንገዱ ይህ አንድ ጉዞ ነው። የኮምቦልቻው በረራ ዘግይቶ የቦሌው ካመለጠ መንገደኛውን በሌላ በረራ መላክ የአየር መንገዱ ጉዳይ ነው። ሻንጣውም ኮምቦልቻ ላይ ገብቶ መድረሻው ላይ ይገኛል።

ሁለት ቲኬት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ቲኬት ቦሌ ላይ ያልቃል። ሁለተኛው ቦሌ ላይ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ሕግ የሚያውቀው ድልድይ የለም። የኮምቦልቻው በረራ 4 ሰዓት ዘግይቶ የሌሊቱ ካመለጠ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያየው ያልመጣ መንገደኛ ነው። "ኖ ሾው" ይሉታል። የአንድ ቲኬት የመጀመሪያው እግር፣ ማለትም የመጀመሪያው በረራ፣ ሳይሳፈሩበት ሲቀር በዚያው ቲኬት የቀረው መንገድ፣ መመለሻው ጭምር፣ ብዙ ጊዜ አብሮ ይሰረዛል። ለ4 ወይም ለ5 ሰው ቤተሰብ ይህ የዓመት ቁጠባ ነው። ሻንጣውም ቦሌ ላይ ወጥቶ እንደገና መግባት አለበት። ሁለት ልጅና አራት ሻንጣ ይዞ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው መሮጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ሁለት ይቆርጣል? ሞኝነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቲኬቱን የሚገዛው ባሕር ማዶ ያለው ዘመድ ነው። እሱ የሚያየው ከአዲስ አበባ ያለውን ዋጋ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ቦሌ ያለውን "እዛው ትጨርሱታላችሁ" ይላል። ሌላው ምክንያት በመኪና የመሄድ ሐሳብ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲናና በጣርማ በር ያልፋል። ርካሽ ነው፣ ሻንጣም አይመዘንም። ነገር ግን መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የሚቋረጥበት ጊዜ ታይቷል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ መኪናም በረራም አብረው ቆመዋል። አውቶቡስ ስለዘገየ የሚጠይቅ የአቪዬሽን ሕግ የለም።

ሁለት ቲኬት መቁረጥ የሚሻልበት ሁኔታ አለ የሚሉም አሉ። አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ መግባት፣ ዘመድ ቤት ማደር፣ በማግስቱ ተረጋግቶ መሄድ። ይህ ትክክለኛ መከራከሪያ ነው። አዳሪው ሌሊት ራሱ ዋስትና ነው። አደገኛው ሁለት ቲኬት ቆርጦ በአንድ ቀን ለመድረስ መሞከር ነው። ከሁለቱ መሃል ያለው ቀዳዳ ውስጥ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው።

አየር መንገዶች አንድ ቲኬት ላይ ሁለት በረራ ሲያገናኙ "ዝቅተኛ የማገናኛ ጊዜ" የሚባል ልክ አለ። ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ለመድረስ የሚበቃው አጭሩ ጊዜ ማለት ነው። ልኩ የወጣው ግን ሻንጣው በቀጥታ ለሚተላለፍለት መንገደኛ ነው። እናትዋን በተሽከርካሪ ወንበር ለምትገፋ ልጅ አይበቃም። ስለዚህ አንድ ቲኬት ቢሆንም ሰፋ ያለውን መምረጥ ይቻላል፤ ወኪሉን መጠየቅ ብቻ ነው።

## 00፡30 የማን ሌሊት ነው?

እዚህ ላይ የኛ አገር ልዩ ጣጣ አለ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስድስት ሰዓት መቀነስ ወይም መጨመር ለለመደ ሰው ቀላል ነው። የሚያሳስተው ቀኑ ነው። "ማክሰኞ 00፡30" ማለት ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 6፡30 ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ቤተሰብ አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል።

በረራ ሲዘገይ ይህ ስህተት እንደገና ይመጣል። ከእኩለ ሌሊት በፊት ሊነሳ የነበረው በረራ ከእኩለ ሌሊት ያልፋል፤ አዲሱ ቦርዲንግ ፓስ ላይ ቀኑ ይቀየራል። ለተቀባዩ ዘመድ "ዛሬ ሌሊት" ብሎ መላክ አይበቃም። "ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ" ማለት ነገሩን ይዘጋዋል። ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን ቃል አለው።

## ሕጉ ለማን ምን ይሰጣል?

ሰው ሁሉ የሚያወራው የ600 ዩሮ ካሳ እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው፤ ቁጥሩ 261/2004 ይባላል፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ግን የሚሸፍነው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ነው። አንደኛው ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ፣ በማንኛውም አየር መንገድ ቢበር። ሁለተኛው ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ፣ ግን በአውሮፓ አየር መንገድ የሚበር። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ በአፍሪካ አየር መንገድም ቢሆን ይሸፈናል። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት በአፍሪካ አየር መንገድ የሚሄደው ግን አይሸፈንም። አዲስ አበባ ጅዳ የሚለው መስመርማ ከዚህ ሕግ ጋር አይገናኝም።

አንድ ለደሴ ሰው የሚጠቅም ነጥብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከበርሊን በካዛብላንካ አድርጎ አጋዲር የሄደ መንገደኛን ጉዳይ አይቶ ነበር። በአንድ ቲኬት የተቆረጠ ጉዞ እንደ አንድ በረራ ይታያል አለ፤ ሁለተኛው እግር ከአውሮፓ ውጭ ቢሆንም። በዚህ አስተሳሰብ ከፍራንክፈርት እስከ ኮምቦልቻ በአንድ ቲኬት የመጣ ቤተሰብ መዘግየቱ የሚለካው ኮምቦልቻ ሲደርስ ነው። ቦሌ ላይ ግንኙነቱ ተበጥሶ በማግስቱ ከደረሰ ለእያንዳንዱ ሰው 600 ዩሮ ሊጠይቅ ይችላል። መዘግየቱ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ምክንያቱ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ ከሆነ፣ እንደ አመድ ወይም እንደተዘጋ ሰማይ፣ ካሳው አይኖርም። ምግብና ማደሪያ ግን ያኔም ይኖራል።

ለቀረው ጉዞ ዋናው መሠረት የሞንትሪያል ስምምነት ነው። የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ይህ ስምምነት እንደ አውሮፓው መጠኑ አስቀድሞ የተቆረጠ ካሳ አይሰጥም። በመዘግየት ምክንያት የደረሰን ጉዳት በማስረጃ ላሳየ ሰው እንዲከፈለው ይፈቅዳል። የከፈሉት ሆቴል፣ የገዙት ምግብ፣ የጠፋው ሌላ ቲኬት። ጣሪያው ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ሰው 6,303 ኤስ.ዲ.አር ነው። ኤስ.ዲ.አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ ይህ መጠን ከ8,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ይሆናል። ለሻንጣ 1,519 ኤስ.ዲ.አር ነው። አየር መንገዱ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ሁሉ እንዳደረገ ካሳየ ከኃላፊነት ይድናል።

እዚህም የቲኬቱ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ስምምነቱ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ጉዞን ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ጅዳ በአንድ ቲኬት ከሆነ የኮምቦልቻው እግርም የዓለም አቀፉ ጉዞ አካል ነው። ብቻውን የተቆረጠ ከሆነ የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ ስምምነቱ አይደርስበትም። አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ አንድ ዓይነት መዘግየት፣ ሁለት የተለያየ መብት።

ቀነ ገደብም አለው። ለዘገየ ሻንጣ ቅሬታው በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ሻንጣውን ከተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ለተጎዳ ሻንጣ 7 ቀን ነው። በርበሬና ቅቤ የያዘ ሻንጣ ሦስት ቀን ሙቀት ውስጥ ከርሞ ሲመጣ 7 ቀን ረጅም አይደለም። ክስ ለመመሥረት 2 ዓመት ይሰጣል።

አሜሪካ የተለየ መንገድ መርጣለች። በ2024 በወጣው ደንብ ዓለም አቀፍ በረራ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ፣ መንገደኛው "አልሄድም" ካለ ገንዘቡ ይመለስለታል። ለመዘግየቱ የተቆረጠ ካሳ ግን የለም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለትልልቅ አየር መንገዶች ከ400 እስከ 1,000 የካናዳ ዶላር ወስናለች።

እኛስ ዘንድ እንዲህ ያለ የተቆረጠ ካሳ ቢኖር ይሻላል? ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ ወገን ካሳ ሲኖር አየር መንገድ ይጠነቀቃል፣ ደካማውም መንገደኛ ጠበቃ ሳይዝ መብቱን ያገኛል ይላል። ሌላው ወጪው ተመልሶ ቲኬቱ ላይ ይጨመራል፣ አብራሪንም ለማስቸኮል ሊገፋ ይችላል ይላል። አውሮፓም ራሷ እየተከራከረች ነው። በጁን 2025 የኅብረቱ የትራንስፖርት ሚኒስትሮች የ3 ሰዓቱን መነሻ ወደ 4 እና ወደ 6 ሰዓት ለማሳደግ ሲስማሙ፣ ፓርላማው ተቃውሟል። ከገንዘቡ በፊት ለኛ የሚቀርበው የእንክብካቤ ግዴታ ይመስለኛል። ምግብ፣ ውኃ፣ ማደሪያና ግልጽ መረጃ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚገባ በአማርኛ ተጽፎ መግቢያው ላይ ቢለጠፍ፣ ብዙው ጭቅጭቅ እዚያው ይበርዳል።

## ቤተሰብ ሲሆን

ብቻውን የሚሄድ ጎረምሳ የትም ቦታ ይገባል። 5 ሰው ግን 5 ባዶ ወንበር ይፈልጋል። በረራ ሲሰረዝ ሥርዓቱ መንገደኛን የሚመድበው በፒ.ኤን.አር ነው። አባት በአንድ፣ እናትና ልጆች በሌላ ከተቆረጠላቸው ኮምፒውተሩ ቤተሰብ መሆናቸውን አያውቅም። አባት ዛሬ፣ ልጆች ነገ ሊባሉ ይችላሉ። ቲኬት ቢሮ ሄዶ ሁለቱን እንዲያያይዙ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚህ የከበደው የፓስፖርት ነገር ነው። ከአሜሪካ በመጡ ቤተሰቦች ውስጥ ልጆቹ የአሜሪካ፣ አያት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይይዛሉ። አየር መንገዱ "በፍራንክፈርት በኩል እንላካችሁ" ሲል ለልጆቹ ችግር የለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን በሸንገን አገሮች አየር ማረፊያ ውስጥ ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት መካከል ነው። የሚሠራ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። ስለዚህ አዲሱን መንገድ ከመቀበል በፊት "በየት በኩል ነው? ለሁላችንም ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዴ እሺ ተብሎ ቦርዲንግ ፓስ ከታተመ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

የቪዛው ቀንም አለ። የአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው 6 ወር ነው። ጉዳይ ሲጨራረስ፣ ቤት ሲከራይ፣ ዘመድ ሲሰናበት እስከ መጨረሻው ሳምንት የሚያቆይ ቤተሰብ አለ። እንዲህ ላለው ቤተሰብ የሁለት ቀን መዘግየት ሁለት ቀን ብቻ አይደለም። ቪዛው ካለፈበት እንደገና ኤምባሲ፣ እንደገና የሕክምና ምርመራ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒትና የሕፃን ወተት እጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። የገባ ሻንጣ በመዘግየት ጊዜ በቀላሉ አይወጣም። ለ6 ሰዓት ጉዞ የ24 ሰዓት መድኃኒት መያዝ ለስኳርና ለደም ግፊት ታማሚ ሽማግሌ ትንሹ ጥንቃቄ ነው። ስንቅ የሚባለው ነገር በአውሮፕላን ዘመንም አልቀረም፤ ቆሎና በሶ በአየር ማረፊያ ፍተሻ አይያዝም።

ማስረጃም ገና ጠረጴዛው ላይ እያሉ ነው የሚሰበሰበው። የመዘግየቱን ምክንያት በጽሑፍ መጠየቅ፣ ሰሌዳውን ፎቶ ማንሳት፣ የእያንዳንዱን ወጪ ደረሰኝ መያዝ። ቦርዲንግ ፓሱን አለመጣል። ቫውቸር ሲሰጥ ደግሞ ተመላሽ ገንዘብን የሚተካ መሆን አለመሆኑን አንብቦ መፈረም።

## ቢሾፍቱ ሲመጣ

ቦሌ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተስፋፋ በኋላ በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ነበር። አሁን ጠቧል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን መንገደኛ የሚይዝ አዲስ አየር ማረፊያ እየተሠራ ነው። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን በተሻለ አቅም ይነሳል። ሲያልቅ መጨናነቁም፣ የተወረሰው መዘግየትም መቀነሱ አይቀርም።

ለኮምቦልቻ መንገደኛ ግን ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። የአገር ውስጥ በረራውና ዓለም አቀፉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሆናሉ ወይ? ከኮምቦልቻ የመጣው አውሮፕላን ቦሌ አርፎ፣ የጅዳው ከቢሾፍቱ የሚነሳ ከሆነ፣ በመሃል 40 ኪሎ ሜትር መንገድ ይገባል። ያን 40 ኪሎ ሜትር ባቡርም ይሙላው አውቶቡስ፣ ሻንጣው በቀጥታ ተላልፎ ቲኬቱ አንድ ሆኖ እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ይህን መወሰን የሚቀለው ግን ሕንፃው ሳያልቅ፣ ገና ዕቅዱ ላይ እያለ ነው። ጥያቄውን ከአሁኑ ማንሳት ያለባቸውም በመጀመሪያ ከክልል ከተማ የሚነሱት ናቸው፤ ደሴና ኮምቦልቻ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር፣ ጅማና ድሬዳዋ።